ትዝታ በኮንትራባስ፦ የግራ እጅ ጣት አቀማመጥ

ማሲንቆ እየሰማ ወይ እየመታ ያደገ የጎንደር ልጅ ኮንትራባስ (ቆሞ የሚያዘውን ቫዮሊን መሰል ትልቅ ባለ ወፍራም ድምፅ መሳሪያ) ሲይዝ ቶሎ የሚደክመው ግራ እጁ ነው። ማሲንቆ ላይ ጣት ጭራውን ዳሰስ ነው የሚያደርገው፣ እንጨቱ ጋ አይደርስም፣ እዚህ ግን ክሩን እስከ ፊንገርቦርዱ (ከክሩ ስር እስካለው እንጨት) ካልተጫናችሁት ዝዝ ይላል። ጉልበቱ ታዲያ ከአውራ ጣት ሳይሆን ከክንድ ክብደት ነው የሚመጣው፣ አውራ ጣት ከአንገቱ ጀርባ በመሃል ጣት ትይዩ ለቀቅ ብሎ ይቀመጥ።

ቤዝ ጊታር የለመዳችሁ ለእያንዳንዱ ግማሽ ድምፅ (በኖታዎች መሃል ላለው ትንሹ ርቀት) አንድ ጣት አትመድቡ። የቤዝ ጊታር ክር ወደ 86 ሴንቲሜትር ነው፣ የኮንትራባስ ግን ወደ 105 ስለሚሆን መቃኛው አካባቢ ክፍተቱ ሰፊ ነው፣ እጅ ይገነጠላል። የተለመደው አንድ፣ ሁለት፣ አራት ነው፦ አመልካች፣ መሃል፣ ትንሿ ጣት፣ በየመሃላቸው ግማሽ ድምፅ። የቀለበት ጣት ብቻውን ኖታ አይይዝም፣ ትንሿን ያግዛል።

አሁን የትዝታ ሜጀር ቅኝት ከጂ ኖታ ጀምሮ። ክሮቹ ከወፍራሙ ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ ናቸው (ክረምት ላይ እንጨቱ እርጥበት ስለሚጠጣ ሳትቃኙ አትጀምሩ፣ ግማሹ ኖታ ክፍት ክር ነው)። አመልካች ጣታችሁን ከክፍቱ ክር አንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ አድርጉና እጃችሁ እዛው ይቁም። ጂን ኢ ክር ላይ በመሃል ጣት፣ ኤ ክፍት፣ ቢን ኤ ክር ላይ በአመልካች፣ ዲ ክፍት፣ ኢን ዲ ክር ላይ በአመልካች፣ ከዛ የላይኛው ጂ ክፍት። እጅ ንቅንቅ ሳይል ኦክታቩ (ከጂ እስከ ቀጣዩ ጂ) አለቀ። ማይነር ከፈለጋችሁ ሙሉ እጁን ግማሽ ድምፅ ወደ መቃኛው መልሱት፣ ቢ ፍላትና ኢ ፍላት (ፍላት ማለት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ) እዛው አመልካች ጣት ስር ይመጣሉ፣ የታችኛው ጂ ብቻ ከመሃል ጣት ወደ ትንሿ ይዞራል። እኔ እንደውም ጀማሪ ከሲ ሜጀር ሳይሆን ከዚህ ነው መጀመር ያለበት ባይ ነኝ፣ ጆሯችሁ የሚያውቀው ዜማ ስለሆነ ስትስቱ ወዲያው ትሰሙታላችሁ፣ እንደ ጊታር ቦታውን የሚያሳይ ፍሬት (የብረት መስመር) የለማ።

አምባሰል ቅኝት ላይ ነው ስራ ያለው። ጂ በመሃል ጣት፣ ኤ ፍላት በትንሿ እዛው ኢ ክር ላይ፣ ሲን ኤ ክር ላይ በመሃል፣ ዲ ክፍት፣ ቀጥሎ ኢ ፍላት ስላለ እጅ ግማሽ ድምፅ መመለስ አለበት። መቼ? ክፍቱ ዲ እየጮኸ፣ ያኔ የተጫናችሁት ክር ስለሌለ መንሸራተቱ አይሰማም። አውራ ጣትም አብሮ ይሂድ፣ ብዙ ሰው ጣቶቹን ልኮ አውራ ጣቱን እዛው ይረሳውና ኢ ፍላቷ ከፍ ብላ ትቀራለች።