የባሕሩን ሰዓት ሳታዩ አትውጡ፦ በእንግሊዝ ባሕር ዳርቻ የእግር ጉዞ ላይ የምናያቸው ስህተቶች

ለንደን ያለን አበሾች ሃይኪንግ እየወደድን መጥተናል። ቅዳሜ ጠዋት ቪክቶሪያ ባቡር ጣቢያ ቦርሳ አዝለው፣ ሰብሰብ ብለው የሚጠብቁ ወገኖችን ሳይ ደስ ይለኛል። አብዛኞቹ ጀማሪዎች ናቸው። የሚመርጡትም ቀላሉን መንገድ ነው፤ ሜዳ ሜዳውን፣ ከባሕሩ ጎን፣ ወንዙ ባሕር እስኪገባ ድረስ። ጥሩ ምርጫ ነው። ለልጅም፣ ጉልበቱን ለሚያመው ሰውም ይሆናል።

ግን ብዙዎቻችን ከባሕር ርቀን ያደግን ሰዎች ነን። እኛ የምናውቀው መሬት ጠዋት ካለ ማታም እዚያው ነው። እዚህ በወንዝ አፍ አካባቢ ግን ጠዋት የሄዳችሁበት መሬት ከሰዓት በኋላ ውሃ ሥር ሊሆን ይችላል። ከታች የምጽፋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ የሚመጡ ናቸው።

የታይድ ሰዓትን «በአበሻ» መነጋገር

በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ፤ ደጋግሜ ስላየሁት ትዕግሥቴ አልቋል።

ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። እዚህ ታይድ ይሉታል። ከሙላት እስከ ጉድለት ያለው ጊዜ ስድስት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው። አሁን የእኛን ሰዓት አስቡ። በአበሻና በፈረንጅ ሰዓት መካከል ያለው ልዩነትም ስድስት ነው። ስለዚህ አንዱ ቴሌግራም ላይ «ውሃው 8 ሰዓት ላይ ይጎድላል» ብሎ ቢጽፍና ሌላው በተቃራኒው ቢረዳው፣ የሚደርሰው ባሕሩ ጢም ብሎ በሞላበት ሰዓት ነው። ከዚህ የባሰ ስህተት ልትሳሳቱ ብትፈልጉ እንኳ አትችሉም።

ይህ በምሄድበት ቡድን ውስጥ ደርሷል። አስተባባሪው የጻፈው ከቀኑ 8 ሰዓት ለማለት ነበር። ስልኩን በፈረንጅ ሰዓት የሚያነብ አንድ አባት ሁለት ልጆቹን ይዞ ማለዳ 8:00 ላይ ከተፍ አለ፤ በእኛ 2 ሰዓት ማለት ነው። ውሃው እስከ ግንቡ ሞልቶ ነበር። ልጆቹ ሊረግጡት የጓጉለት አሸዋ የለም። ያም ሆኖ ቀላሉ ነው የደረሰባቸው፤ ከፊታቸው ውሃ ስላዩ አልገቡም። እኔን የሚያስፈራኝ ግልባጩ ነው። መሬቱ ደርቆ ሲያዩት ይገባሉ፣ ገና እየጎደለ ይመስላቸዋል፣ እሱ ግን መሙላት ጀምሯል።

ስለዚህ ሁለቱንም ጻፉ። «ጉድለቱ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ በፈረንጅ 2:00» ብላችሁ ጨርሱት። ከአንድ መስመር አይበልጥም።

የታይዱን ሰዓት የሚያሳየውን ሰንጠረዥም በደንብ እዩት። አንዳንዱ ዓመቱን ሙሉ በጂኤምቲ (በብርዱ ወራት የእንግሊዝ ሰዓት) ነው የሚጽፈው። ከማርች መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ድረስ አንድ ሰዓት መደመር አለባችሁ። የምትሄዱበትን ቦታ ሰንጠረዥ ተመልከቱ፤ የሳውዝኤንድ ሰዓትና የኢስትቦርን ሰዓት አንድ አይደለም። የባለፈው ቅዳሜ ሰዓትም ለዚህ ቅዳሜ አይሠራም፤ በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ ወደ ኋላ ይዘገያል።

ሌላው፣ ውሃው የሚገባው እኩል እኩል አይደለም። በመጀመሪያው ሰዓት ቀስ ይላል፤ ሰው ይዘናጋል። በሦስተኛውና በአራተኛው ሰዓት ግን የሙላቱ ግማሽ ያህሉ ይገባል። ጠፍጣፋ በሆነ የወንዝ አፍ ደግሞ ቀድሞ የሚሞላው ከኋላችሁ ያለው ቦይ ነው። ፊታችሁ ደረቅ ሆኖ ሳለ መመለሻችሁ ይዘጋል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናትም፣ ውሃው ከወትሮው አብልጦ ይወጣል፣ አብልጦም ይወርዳል። በነዚያ ቀናት ጀማሪ ይዛችሁ ወደ አሸዋው አትውረዱ፤ ባሕሩን በሚያግደው ግድብ ላይ ባለው መንገድ ሂዱ።

ይህ ውሃ ጦር ሠራዊት ያቆመ ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ991 ሞልደን አጠገብ ቫይኪንጎችና የኤሴክስ ሰዎች በወንዙ ወዲህና ወዲያ ተፋጠው፣ ታይዱ እስኪጎድል ድረስ መዋጋት አልቻሉም ነበር። ቫይኪንጎቹ ሰፍረውባት ነበር ወደምትባለው ኖርዚ ደሴት የሚወስደው መንገድ ዛሬም በየቀኑ ሁለቴ በውሃ ይሸፈናል።

ጭቃውን እንደ መሬት ማየት

ከቤንፍሊት ጣቢያ ተነስቶ፣ የሀድሊን ፍርስራሽ ቤተ መንግሥት በስተግራ ኮረብታው ላይ እያዩ ወደ ሊ ኦን ሲ መሄድ ለጀማሪ የምመክረው መንገድ ነው። ሁለቱም ጫፍ ላይ የባቡር ጣቢያ አለ። የቴምዝ ወንዝ አፍ ከፊታችሁ ተዘርግቶ ይታያል። ውሃው ሲጎድል እጅግ ስለሚሸሽ፣ ሳውዝኤንድ ላይ መርከብ እንዲደርስ ሲሉ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የእንጨትና የብረት መድረክ ባሕሩ ውስጥ ዘርግተዋል። ውሃው ሲሸሽ የሚቀረው ጭቃ ነው። ሲያዩት ይብለጨለጫል፣ ወፎች ይራመዱበታል፣ ጠንካራ ይመስላል።

አንድ ወጣት ወፎቹን ፎቶ ሊያነሳ ገባ። በጥቂት እርምጃ ውስጥ ጉልበቱ ድረስ ሰመጠ። አንዱን እግር ሲያወጣ ሌላው ይገባል። ጓደኛው ሊያወጣው ሮጠ፣ እሱም ተያዘ። «ከድጡ ወደ ማጡ» ስንል ማጥ የምንለው ይኼው ነው። አንድ የአካባቢው ሽማግሌ ከግድቡ ላይ ሆነው «ወደ ኋላ ጋደም በሉ!» ብለው ጮኹባቸው፤ ጋደም ብለው፣ እየተንፏቀቁ፣ ጫማቸውን ትተው ወጡ። ውሃው ሊመለስ ብዙ ጊዜ ስለነበረው ነው የተረፉት።

እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥማችሁ አትታገሉ። ክብደታችሁን አሰራጩ፤ ቁጭ በሉ ወይም በጀርባችሁ ተንጋለሉ። የቀራችሁት ደግሞ አትግቡ። 999 ደውላችሁ «ኮስትጋርድ» በሉ። ፖሊስ ወይም አምቡላንስ ብላችሁ ጊዜ አታባክኑ። የባሕር አደጋ የሚሰማው ኮስትጋርድ ነው፤ እሱም የነፍስ አድን ጀልባዎቹን ይጠራል። እነዚህ ከ1824 ጀምሮ በእርዳታ ገንዘብ የሚተዳደሩ ናቸው፤ አብዛኞቹ ሠራተኞቻቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ሳውዝኤንድ ላይ ጭቃ ላይ የሚንሳፈፍ ሆቨርክራፍት አላቸው። ያስከፍሉናል ብላችሁ አትፍሩ፤ አያስከፍሉም። ይህን የምለው በዚህ ፍርሃት መደወል ያዘገየ ሰው ስለማውቅ ነው።

ወንዙን በአፉ ላይ ለመሻገር መሞከር

ከሲፎርድ ወደ ሰቨን ሲስተርስ ገደሎች የምትሄዱ፣ መሃል ላይ የከክሚር ወንዝ አለ። ነጮቹ ገደሎች ከወዲያ ማዶ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ወንዙ ጠባብ ነው። ድልድዩ ግን ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ኤክሲት የሚባል ቦታ ነው ያለው፤ ወጥቶ መመለሱ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሰው ይሰላቻል፣ ሱሪውን ይሰበስባል። ከላይ ረጋ ያለ የሚመስለው ውሃ አፉ ላይ ሲደርስ ይጎትታል። ድልድዩን ተሻገሩ። ደግሞ ያ አንድ ሰዓት የመንገዱ ጥሩ ክፍል ነው፤ ወንዙ ሜዳው ላይ እየተጥመዘመዘ የሚሄደው እዚያ ነው። ለልጆችና ለእናቶች እንዲያውም ከኤክሲት እስከ ባሕሩ ደርሶ መመለስ ብቻውን በቂ ነው። ከብራይተን የሚነሳው 12 ቁጥር አውቶቡስ እዚያው ያወርዳችኋል።

የገደሉ ጫፍና የገደሉ ሥር

የነዚህ ገደሎች ድንጋይ ጠመኔ ነው። ባሕሩ ከሥሩ ስለሚቦረቡረው፣ ከላይ የቆማችሁበት ሣር ከታቹ ባዶ ሊሆን ይችላል። ከላይ ሆኖ ይህን ማወቅ አይቻልም። ቢያንስ 5 ሜትር ራቁ። ፎቶ የሚያምረውም ከሲፎርድ በኩል ሆናችሁ ማዶውን ስታነሱት ነው።

ከሥሩም አትቀመጡ፣ ጥላ ነው ብላችሁ አትጠጉ። ከከክሚር እስከ በርሊንግ ጋፕ ድረስ በገደሉ ሥር በጠጠሩ ላይ ልሂድ የሚል ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። መሃል ላይ መውጫ የለም። ውሃው ቢመጣ የሚሄዱበት የለም።

ካርታ ላይ ጀልባ አለ ብሎ መተማመን

ብዙ የወንዝ አፎች ትንሽ የማሻገሪያ ጀልባ አላቸው። ፌሊክስቶው አጠገብ የዲበን ወንዝን የሚያሻግረው ደስ ይላል፤ ማዶ ያለውን ባለ ጀልባ የሚጠሩት የተቀመጠላቸውን ጠፍጣፋ እንጨት እያወዛወዙ ነው። በብርዱ ወራት ግን አይሠራም። ደውላችሁ ሳታረጋግጡ አትሂዱ።

ልብስና ነፋስ

ጂንስ ተዉ። ከረጠበ አይደርቅም። ለንደን ውስጥ ሞቃት ቀን እንኳ ቢሆን ግድቡ ላይ ነፋሱን የሚከልል ዛፍ የለም፤ ነፋስ የማያስገባ ስስ ጃኬት ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር። ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከደቡብ ምዕራብ ስለሚመጣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሂዱ፤ ከሲፎርድ ወደ ኢስትቦርን ማለት ነው። ነፋሱ ከጀርባ ይሆናል።

ውድ ጫማ ካልገዛን ብላችሁ ደግሞ አትቅሩ። ከአገር ቤት ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ አንዲት እናት በተራ ስኒከር፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዳገቱን ከሁላችን ቀድመው ሲወጡ አይቻለሁ።

በፍልሰታ እንደማንኛውም ቅዳሜ መውጣት

ፍልሰታ ልጆች ትምህርት በሚዘጉበት ኦገስት ላይ ይውላል፤ ስለዚህ ጾሙና ጉዞው ይገጣጠማሉ። እስከ 9 ሰዓት ሳይበላ ሳይጠጣ የሚውል ሰው ጠዋት ተነስቶ ያለ ጥላ 20 ኪሎ ሜትር አይሂድ። አንዲት እህት በርሊንግ ጋፕ ልትደርስ ስትል ዓይኗ ጨልሞባት ቁጭ ብላለች። ጾሙን ተዉት እያልኩ አይደለም። ቅዳሴ አስቀድሳችሁ፣ በልታችሁ፣ ከዚያ አጭሩን መንገድ ውጡ። በዚያ ወቅት ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ነው፤ ጊዜ አለ። በሶ ያዙ፤ የጾም ነው፣ ቀላል ነው፣ ጉልበት ይሰጣል። የሚጠጣ ውሃ መንገድ ላይ እንደልብ ስለማይገኝ ለአንድ ሰው ከሁለት ሊትር አይነስ።

መመለሻውን አለማሰብ

እሑድ የሐዲድ ጥገና ይበዛል፤ ባቡሩ በአውቶቡስ ይተካል። ቅዳሜ ማታውኑ እዩት። ከሲፎርድ ስትመለሱ ሉዊስ ላይ ባቡር መቀየር አለባችሁ፤ ከኢስትቦርን ግን ቪክቶሪያ ድረስ ቀጥታ አለ። ልጅ የያዘና እግሩ የዛለ ሰው ካለባችሁ መጨረሻችሁን ኢስትቦርን አድርጉት።