ልጅ ሲቀር፣ ሲታመምና ሌላ ሰው ሲወስደው፦ ወላጅ ማወቅ ያለበት የትምህርት ቤት ደንብ

ዓመቱ ሲጀመር የሚሰጠውን መተዳደሪያ ደንብ ፈርሞ መመለስ ብቻውን አይበቃም። ሦስት ቦታ ፈልገው ያስምሩበት፦ የመግቢያ ሰዓት፣ ቀሪ የሚነገርበት መንገድ፣ ልጁን መውሰድ የሚችሉ ሰዎች።

ልጅዎ የሚቀር ከሆነ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሳይጀመር ይደውሉ። ሲመለስ ማስታወሻ ይያዝ፦ ሙሉ ስም፣ ክፍልና ምድብ፣ የቀረበት ቀን፣ ምክንያት፣ ፊርማ፣ ስልክ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ቀኑ ነው። ቀን የሌለው ወረቀት ከስም መጥሪያው ጋር ስለማይገናኝ ልጁ «ያለፈቃድ ቀሪ» እንደተባለ ይቆያል። ወረቀቱን ቦርሳ ውስጥ ከመወርወር ይልቅ መልእክት መላላኪያው ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይለጥፉት፤ የሰባት ዓመት ልጅ ማስታወስ ያለበት ነገር ባነሰ ቁጥር ይሻላል።

መድኃኒት በልጅ እጅ አይላክም። ከነማሸጊያው፣ ስም፣ መጠንና ሰዓት ተጽፎበት አዋቂ ለነርሷ ወይም ለቢሮው ያስረክብ። በሶፍት የተጠቀለለ ክኒን ምንነቱ ስለማይታወቅ ማንም አይሰጠውም። ትኩሳት ከነበረው፣ ማስታገሻ ሳይወስድ ትኩሳቱ ከጠፋ 24 ሰዓት እስኪያልፍ ቤት ይቆይ። ጠዋት የትኩሳት ሽሮፕ አጠጥቶ መላክ አያዋጣም፤ ከጠጣ ከ4 እስከ 6 ሰዓታት በኋላ ኃይሉ ሲያልቅ ትኩሳቱ ይመለሳል፣ ስልክዎም ይጮኻል።

ሌላ ሰው የሚወስደው ከሆነ ስሙን አስቀድመው በጽሑፍ ያሳውቁ፤ እሱም መታወቂያ ይያዝ። ልጁ «አጎቴ ነው» ስላለ ዘበኛው አይለቅም፤ መልቀቅም የለበትም።