የጀልባን ገላ ለስላሳና አንጸባራቂ አድርጎ ስለ መቀባት

በጣና ሐይቅ ላይ መንገደኛንና ጎብኚን ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ከሚያመላልሱት የሞተር ጀልባዎች መካከል ብዙዎቹ ገላቸው ከብረት ወይም ከፋይበርግላስ የተሠራ ነው። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ ብርቱ የሆነው ፀሐይ ቀለማቸውን ያደበዝዘዋል፤ በመሳፈሪያው ላይ የሚደርሰው ግጭትም ይልጠዋል። በዚህ ምክንያት በየጊዜው እንደገና መቀባታቸው አይቀርም። ይሁን እንጂ አዲስ የተቀባ ጀልባ ሁሉ ለስላሳ ሆኖ አይወጣም፤ የብሩሽ መስመር የቀረበት፣ ቀለሙ ወደ ታች የወረደበት፣ በጎን ብርሃን ሲታይ ደግሞ ገጹ ወጣ ገባ የሆነ ብዙ ነው።

ለዚህ ብዙ ጊዜ ተጠያቂው ቀለሙ ወይም የቀቢው እጅ ሳይሆን ከቀለሙ በፊት የተሠራው ወይም ሳይሠራ የቀረው ሥራ ነው። አንድ እጅ የማጠናቀቂያ ቀለም ከደረቀ በኋላ ውፍረቱ በአብዛኛው ከ50 ማይክሮን፣ ማለትም ከአንድ ሚሊሜትር ሃያኛ ክፍል አይበልጥም። በአንጻሩ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት (ቁጥሩ ባነሰ መጠን ወረቀቱ ሻካራ ነው) ላይ ያለው ፈግፋጊ ቅንጣት በአማካይ 200 ማይክሮን ያህል ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት የተወውን ጭረት ቀለም ሊሸፍነው አይችልም፤ የሚያንጸባርቅ ቀለም ከሆነ እንዲያውም አጉልቶ ያሳየዋል። ስለዚህ የሥራው አብዛኛው ጊዜ ለዝግጅት መመደብ አለበት። ከዚህ በታች የተገለጸው አሠራር በዋናነት ለፋይበርግላስ ጀልባ፣ በሮለርና በብሩሽ ለሚቀባ ሰው የሚሆን ነው።

ጊዜውን በተመለከተ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው የዝናብ ወቅት ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከጥቅምት እስከ ጥር ጎብኚና ተሳላሚ የሚበዛበት ወቅት በመሆኑ ጀልባን ከውሃ አውጥቶ ማቆም ባለቤቱን ይጎዳል፤ የካቲትና መጋቢት ግን ደረቅም፣ ለሥራም የተመቹ ናቸው። በውጭ መቀባት ግድ ከሆነ ቢያንስ ከበላዩ የሸራ ጥላ መዘርጋት፣ መሬቱንም አቧራ እንዳይነሣ ውሃ ማርከፍከፍ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ተግባር እጥበት ነው፤ ብርጭቆ ወረቀት ከዚህ በፊት ገላውን መንካት የለበትም። በገላው ላይ የሞተር ዘይት፣ ነዳጅ፣ ሰም ወይም ሲሊኮን ካለ ፍግፈጋው ቅባቱን ወደ ጭረቶቹ ውስጥ ያስገባዋል እንጂ አያነሣውም፤ በኋላም ቀለሙ በዚያ ቦታ እየሸሸ ትንንሽ ክብ ጉድጓዶች ይፈጥራል። ስለዚህ ገላውን በፈሳሽ ሳሙና አጥቦ በብዙ ውሃ ማለቅለቅ፣ ከደረቀ በኋላ ደግሞ ሁለት ንጹሕ ጨርቆችን ይዞ በአንዱ ቅባት አስለቃቂ ፈሳሽ እየቀቡ፣ ፈሳሹ ሳይደርቅ በሌላኛው ወዲያው ማንሣት ይገባል። ንጽሕናውን ለመፈተን ንጹሕ ውሃ ይረጫል፤ ውሃው ሳይቆራረጥ ተዘርግቶ ከወረደ ገላው ንጹሕ ነው፣ ጠብ ጠብ እያለ ከተሰበሰበ ግን ቅባት ስላለ እጥበቱ መደገም አለበት።

ከዚያ የተላቀቀው አሮጌ ቀለም በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይነሣል፤ በደንብ ተጣብቆ የቆየውን ግን ማንሣት ሳያስፈልግ ማሻከር ይበቃል። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል አቧራው ወደ ሳንባም ወደ ሐይቁም እንዳይገባ መሥሪያውን በፕላስቲክ ማንጠፍ፣ በውሃ እያራሱ መፈግፈግና ዝቃጩን ሰብስቦ ማስወገድ የግድ ነው። ከጣና ዓሣ የሚበላና ውሃውን የሚጠቀም ሕዝብ ስላለ ይህን ቸል ማለት ተገቢ አይመስለኝም። በባሕር ላይ ለሚሠሩ መርከቦች የሚመረተውን መዳብ ያለበት ቀለምም በዚህ ሐይቅ ባይጠቀሙበት ይሻላል፤ የሚከላከለው በዋናነት በጨው ውሃ ውስጥ በመርከብ ገላ ላይ የሚጣበቁትን እንስሳት ሲሆን፣ መዳቡ ለዓሣ መርዝ ነው።

ስንጥቅና ጉድጓድ የሚሞላበት ደረጃ የጀልባውን መልክ የሚወስነው በመሆኑ ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል። የመኪና ጋራዦች የሚጠቀሙበት የፖሊስተር ስቱኮ ፈጥኖ ይደርቃል፣ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው፤ ነገር ግን ውሃ ስለሚመጥ ከውሃው መስመር፣ ማለትም ጀልባው ሲንሳፈፍ ውሃው ከሚደርስበት ከፍታ በታች መግባት የለበትም። ለዚያ ክፍል ኢፖክሲ በተባለው፣ ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ በሚጠነክር ሙጫ ላይ የተመሠረተ መሙያ መጠቀም ያስፈልጋል። መሙያው በስፓቱላ ከዙሪያው ጥቂት ከፍ ብሎ ይሞላና ከደረቀ በኋላ ተፈግፍጎ ይስተካከላል። ኢፖክሲ ሲደርቅ አንዳንዴ በላዩ የሚያሙለጨልጭ ስስ ሽፋን ይፈጥራል፤ ሽፋኑ በውሃና በሻካራ ስፖንጅ በቀላሉ የሚለቅ ቢሆንም ሳይታጠብ ከተፈገፈገ ብርጭቆ ወረቀቱን ይደፍናል፣ የሚቀጥለውም ቀለም አይዝም።

ፍግፈጋው በእጅ መዳፍ ብቻ ከተሠራ ጣቶች ጉድጓዱን እየተከተሉ የበለጠ ያጎደጉዱታል። ስለዚህ ብርጭቆ ወረቀቱን ግማሽ ሜትር ያህል በሚረዝም፣ የጀልባውን ክብነት ተከትሎ ትንሽ በሚታጠፍ ስስ ጣውላ ላይ ማጣበቅ፣ ከዚያም በአግድም ወይም በቁም ብቻ ሳይሆን በሰያፍ አቅጣጫ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ እያቋረጡ መሥራት ይሻላል። ከመጀመሩ በፊት ከገላው ቀለም የተለየ ስስ ቀለም ብን ብን አድርጎ ከተረጨበት፣ ጣውላው ሲያልፍ ቀለሙ ያልለቀቀበት ቦታ ጉድጓድ መሆኑ፣ ወዲያው የለቀቀበት ደግሞ እብጠት መሆኑ ይታወቃል። ማታ መብራትን ወደ ገላው አስጠግቶ በጎን ማብራትም ቀን ያልታየውን ጉድለት ሁሉ በጥላ ያወጣዋል። እኔ ይህን የማታ ምርመራ ከየትኛውም መሣሪያ አስበልጬ አምነዋለሁ።

ገላው ሲስተካከል ሁለት እጅ የኢፖክሲ ፕራይመር (ከማጠናቀቂያው በፊት የሚቀባ መነሻ ቀለም) ይቀባል። ፕራይመሩ ከደረቀ በኋላ በ180 ቁጥር፣ በመጨረሻም በ320 ቁጥር ይፈገፈጋል፤ የ320 ቁጥር ቅንጣት 46 ማይክሮን ያህል ስለሆነ የሚተወውን ጭረት ቀለሙ ሊሸፍነው ይችላል። ከ80 ቁጥር በቀጥታ ወደ 320 መዝለል ድካምን ብቻ ነው የሚያተርፈው፤ እያንዳንዱ ቁጥር የቀደመውን ጭረት ጨርሶ ማጥፋት አለበት። በብረት ጀልባ ከሆነ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ዝገቱ መነሣትና ፕራይመሩም በዚያው ቀን መቀባት አለበት፤ ባዶ ብረት ካደረ እርጥበት ያገኘዋልና።

ለማጠናቀቂያ ሁለት ክፍል ያለው፣ ሀርድነር (ማጠንከሪያ ፈሳሽ) የሚጨመርበት የፖሊዩሬቴን ቀለም በአንጸባራቂነቱና ፀሐይን በመቋቋሙ ተመራጭ ነው። ሆኖም አብዛኛው የዚህ ዓይነት ቀለም ዘወትር በውሃ ውስጥ ሲቆይ ስለሚያብጥ ከውሃው መስመር በላይ ብቻ ይቀባል፤ ከመስመሩ በታች ያለው በኢፖክሲ ይጠናቀቃል። ከቀለሞች ነጭ ወይም ፈዛዛውን መምረጥ ይጠቅማል፤ ጥቁርና ደማቅ ሰማያዊ ጥቃቅን ጉድለትን ያሳያሉ፣ በፀሐይም ገላውን ከልክ በላይ ያሞቁታል። ሀርድነሩ በትክክል ተለክቶ ይቀላቀላል እንጂ በግምት አይጨመርም። ድብልቁ በማጥለያ ተጣርቶ፣ አረፋው እስኪወጣ በቆርቆሮው ላይ ለተጻፈው ደቂቃ ያህል ይቀመጣል። በከፍታ ቦታ የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ቲነር ቶሎ ይተናል፤ በዚህ የተነሣ ቀስ ብሎ የሚተን የብሩሽ ቲነር ለመርጨት ከሚያገለግለው ዓይነት የተሻለ ውጤት ይሰጣል።

ቅቡ የሚጀመረው የሌሊቱ ጤዛ ፈጽሞ ሲደርቅ፣ ብዙ ጊዜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ አቧራ ይዞ ስለሚመጣ፣ ማታም ጤዛ ያልጠነከረውን ቀለም ስለሚያደበዝዝ እስከ 6 ሰዓት መጨረስ ይመረጣል። በቀጥታ ፀሐይ የሚመታውን ጎን ትቶ በጥላ ያለውን መቀባትም ይገባል፤ በጋለ ገላ ላይ ቀለሙ ሳይዘረጋ ይደርቃል።

ለዚህ ሥራ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ሰው፣ ቲነር በማያሟሟው ስስ የስፖንጅ ሮለር ግማሽ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን ቦታ ከላይ እስከ ታች በስሱ ይቀባል፤ ሌላው ወዲያው ተከትሎ ለስላሳ ጠጉር ባለው ሰፊ ብሩሽ፣ ጫፉን ብቻ እያስነካ፣ ከአዲሱ ቦታ ቀድሞ ወደ ተቀባውና ገና ወዳልደረቀው ጠርዝ አንድ ጊዜ ይጎትትና ቀስ ብሎ ያነሣል። ብሩሹ ቀለም አይጨምርም፤ ሥራው ሮለሩ የተወውን አረፋና እንደ ብርቱካን ልጣጭ የጎረበጠውን ገጽ ማስተኛት ብቻ ነው። አንዴ ታልፎ የተተወን ቦታ ተመልሶ መንካት መስመር ያስቀራል። ወደ ታች የወረደ ቀለም ወይም የወደቀች ትንኝ ቢታይ እንኳ ትቶ መቀጠል፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ማስተካከል ይሻላል። በአንድ ወፍራም እጅ ለመጨረስ ከመሞከር ሦስት ስስ እጅ መቀባት፣ በመካከላቸውም በ320 ቁጥር በውሃ እየፈገፈጉ ማጽዳት ያዋጣል።

ይህንኑ ቀለም በኮምፕሬሰር መርጨት ፈጣን ነው፤ ሀርድነሩ ግን አይሶሳያኔት የተባለ ሳንባን የሚጎዳና ዘላቂ አስም ሊያስከትል የሚችል ኬሚካል ስላለው፣ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያቀርብ ጭምብል የሌለው ሰው ሊረጨው አይገባም። በሮለር የሚቀባም ቢሆን የኦርጋኒክ ትነት ማጣሪያ ያለው ጭምብል፣ ጓንትና መነጽር ማድረግ አለበት።

የማይቀባውን ክፍል ለመከለል አስቀድሞ የተለጠፈው ማስኪንግ ቴፕ የመጨረሻው እጅ ቀለም ገና ሳይጠነክር በሰያፍ ወደ ኋላ እየተጎተተ ይነሣል። ቀለሙ በማግስቱ ሲነኩት የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ለመጠንከር ቀናት ይፈልጋል፤ አምራቹ ያስቀመጠው ጊዜ እስኪሞላ፣ በአብዛኛው አንድ ሳምንት ያህል፣ ጀልባው ወደ ውሃ አይመለስም፣ ገመድና ጎማም በገላው ላይ አይደገፍም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲታጠብ በለስላሳ ጨርቅና በሳሙና ውሃ ብቻ ይሁን፤ ቤንዚንም ሆነ ቲነር አይንካው።