«ያዩ መስሎኝ» እና ሌሎች የታክሲ ላይ ስህተቶች

ከባሕር ዳር ቦሌ በረራው አንድ ሰዓት በቅጡ አይሞላም። ሁለቱ ኤርፖርቶች ግን ለየቅል ናቸው። እዚህ ብዙ ጊዜ ከእኛ ሌላ የሚንቀሳቀስ አውሮፕላን የለም፤ ታወሩም (የበረራ ተቆጣጣሪው) ተረጋግቶ ያናግረናል። ቦሌ ስንደርስ ሁለት ትይዩ ማኮብኮቢያ፣ ተራ የሚጠብቅ ሰልፍ እና ፋታ የማይሰጥ ሬዲዮ ይቀበለናል። ለእረፍት ብቅ የሚሉ ወጣት ረዳት አብራሪዎች ጣና ዳር ቡና ይዘን ስንቀመጥ የሚጠይቁኝ ስለ ነጎድጓድ ደመናና ስለ ሞተር መጥፋት ነው። ስለ ታክሲ፣ ማለትም አውሮፕላኑን መሬት ላይ ስለ መንዳት፣ የሚጠይቀኝ የለም። ስለዚህ ሳልጠየቅ ልናገር።

የመጀመሪያው ስህተት፣ የቦሌን የታክሲ መንገድ ካረፉ በኋላ ማጥናት። በእንዲህ ያለ አጭር በረራ ላይ አየር ላይ ጊዜ የለም። ወጣን ስንል መውረድ እንጀምራለን። የመድረሻውን ቻርት (የኤርፖርቱን ካርታ) እዚሁ ባሕር ዳር፣ ተሳፋሪ እየገባ ሳለ አብራችሁ እዩት። በየት እንወጣለን? የቱን ማኮብኮቢያ እናቋርጣለን? ቻርት ላይ «ሆት ስፖት» ተብለው የተከበቡ ቦታዎች ለጌጥ አልተከበቡም። ሰው የሚሳሳትባቸው ቦታዎች ናቸው።

ሁለተኛው ስህተት፣ ለታወር ትእዛዝ «ሮጀር» (ሰምቻለሁ) ብሎ ማለፍ። ግባ፣ አቋርጥ፣ እዚህ ቁም፣ ተነስ፤ ማኮብኮቢያን የሚነካ ትእዛዝ ሁሉ ከነቁጥሩ ተመልሶ ይነበባል። ቦሌ ላይ ደግሞ ግራና ቀኝ ማኮብኮቢያ አለ። ቁጥሩን «ዜሮ ሰባት» ብሎ፣ ግራ ወይም ቀኝ ሳይሉ ማቆም ግማሽ መልስ ነው። ይህን ሁሉም ስለሚያውቀው አልደክምበትም።

የሚረሳው ከእሱ ቀጥሎ ያለው ነው። ትክክል አንብቦም ተሳስቶ መሄድ ይቻላል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 2024 ቶኪዮ ሃኔዳ ላይ አንድ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ዳሽ 8 አውሮፕላን «ተራችሁ አንደኛ ነው፤ እስከ መጠበቂያው ሂዱ» ተባለ፤ መጠበቂያ ማለት ማኮብኮቢያ ሳይገቡ የሚቆምበት መስመር ነው። (የእኛ የአገር ውስጥ ኪው 400 የዚሁ የዳሽ 8 ዘር ነው።) መልሶ ያነበበው ልክ ነበር። ከዚያ ግን መጠበቂያውን አልፎ ማኮብኮቢያው ላይ ገብቶ ቆመ። ለማረፍ ሲወርድ የነበረ ኤርባስ 350 ከላዩ መጣበት። ዳሹ ላይ ከነበሩት 6 ሰዎች 5ቱ ሞቱ። ኤርባሱ ላይ የነበሩት 379 ሰዎች በሙሉ እሳቱ ሳይቀድማቸው ወጡ። ጆሮ የጓጓለትን ይሰማል። «አንደኛ» ሲባል «ግባ» የተባለ ይመስለዋል። ስለዚህ ለታወሩ ካነበባችሁ በኋላ እርስ በርሳችሁም ተባባሉ። አንዱ «እስከ መጠበቂያው ብቻ፤ አንገባም» ይበል። ሌላው «አዎ፣ አንገባም» ይበል። በቃ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ዝምታ።

እነዚህ ልጆች አሳዳጊ የበደላቸው አይደሉም። ችግሩ እንዲያውም በደንብ ማደጋቸው ነው። ትልቅ ሰው ሲናገር አቀርቅሮ መስማት የተማረ የጎጃም ልጅ፣ ትከሻው ላይ አራት መስመር የደረደረ ካፒቴን አጠገብ ይቀመጣል። ካፒቴኑ ሲሳሳት ያያል። ሆድ ይፍጀው ብሎ ይውጠዋል።

አንድ ማታ ኮክፒት ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። ሥራ የበዛበት የውጭ ኤርፖርት ነው። አርፈን እየገባን ነው። ሌላኛው ማኮብኮቢያ ጋ ስንደርስ እንድንቆም ታዘዝን። ረዳቱ ጥርት አድርጎ መልሶ አነበበ። ካፒቴኑ ግን ፍጥነት አልቀነሰም። የመጠበቂያው ቢጫ መስመሮች እየቀረቡ ነው። ልጁ ቀና አለ። ካፒቴኑን በጎን አየው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። ጉሮሮውን! እግሩ ፍሬኑ ዘንድ ነው፤ የማኮብኮቢያው መብራቶች ቁልጭ ብለው ይታያሉ፤ እሱ ግን ይስላል። «ቁም!» ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። አፍንጫችን መስመሩ ጫፍ ላይ ቆመ። ከፊታችን አንድ ትልቅ አውሮፕላን እየተንደረደረ አለፈ። በኋላ ልጁን ለብቻው ጠርቼ ጠየቅሁት። «ካፒቴን ያዩ መስሎኝ» አለኝ።

ያዩ መስሎኝ! ያዩ ቢሆንስ ምን ይጎዳል? «አይቻለሁ» ይሉሃል፤ አለቀ።

ይሉኝታ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 የስፔን ደሴት በሆነችው ቴኔሪፍ ላይ ጉም ነበር። የሆላንዱ አየር መንገድ የኬኤልኤም ቦይንግ 747 ማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ ተዘጋጅቷል። የአሜሪካው የፓን አሜሪካን 747 ገና እዚያው ማኮብኮቢያ ላይ እየመጣ ነው። የኬኤልኤሙ ካፒቴን ሌሎችን የሚያሰለጥን አንጋፋ ነው። ሞተሩን ሲገፋ ረዳቱ «ቆይ፣ ፈቃድ አልተሰጠንም» አለው። «አውቃለሁ፤ ጠይቅ» አለ ካፒቴኑ። የመጣው የጉዞ መስመር ፈቃድ ነው፤ የመነሳት ፈቃድ አይደለም። ካፒቴኑ እንደገና ገፋ። በዚህኛው ጊዜ ረዳቱ አላስቆመውም። መንደርደር ከጀመሩ በኋላ የበረራ መሐንዲሱ «ፓን አሜሪካኑ አልወጣም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ካፒቴኑ «ኧረ ወጥቷል» አለ። 583 ሰዎች አለቁ።

ልብ በሉ፤ ሁለቱም ተናግረዋል። የጠፋው ሁለተኛው ንግግር ነው። የመሐንዲሱ ደግሞ ጥያቄ ነበር። ጥያቄ በአንድ «አዎ» ይዘጋል። እኛ ደግሞ ትልቅ ሰውን ስናርም በጥያቄ መጠቅለል እንወዳለን፤ «እዚህ ጋ ቁሙ ብለውን ነበር መሰለኝ?» እንላለን። ይህን ተዉት። ያያችሁትን ተናገሩ፤ «ካፒቴን፣ ለማቋረጥ አልተፈቀደልንም።» ካልሰማ ደግሞ «ካፒቴን፣ ይቁሙ!» በሉ። አንቱታውን ተዉ አላልኩም። «ይቁሙ» ቢባልም ያው መቆም ነው። ያም ካልሠራ ፍሬኑ እናንተም እግር ሥር አለ።

ካፒቴኖች ሆይ፣ ረዳታችሁ በከንቱ ቢያስቆማችሁ «አመሰግናለሁ» በሉት። አንዴ የተገላመጠ ልጅ ሁለተኛ አይናገርም።

ወሬ ደግሞ አለ። ሬዲዮው በእንግሊዝኛ ነው፤ ወሬው ግን በአማርኛ ይጣፍጣል። ደመወዝ፣ ሠርግ፣ የመኪና ዋጋ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 27 ቀን 2006 ሌክሲንግተን፣ ኬንታኪ ውስጥ ሁለት አብራሪዎች ታክሲ ላይ ከሥራው ውጪ የሆነ ወሬ ያወሩ ነበር። ከተፈቀደላቸው ማኮብኮቢያ ይልቅ አጭሩ ላይ ገብተው ተነሱ። ከ50 ሰዎች አንድ ብቻ ተረፈ። አሜሪካኖቹ ይህን ዓይነት ወሬ በታክሲ ላይና ከ10,000 ጫማ በታች የከለከሉት በ1981 እ.ኤ.አ. ነው። እዚህ ላይ የእኛን አገር ከፍታ አትርሱ። ቦሌ ራሱ ከ7,600 ጫማ በላይ ነው። 10,000 ማለት ከቦሌ መሬት 2,400 ጫማ እንኳ አይሞላም። እኔ ቁጥሩን ከመሬት ጀምሬ ነው የምቆጥረው።

ማኮብኮቢያ ስታቋርጡ ሁለታችሁም ታብሌት ላይ አታቀርቅሩ። ማኮብኮቢያ መግቢያ ላይ የበራ ቀይ ስቶፕ ባር (የመቆሚያ መብራት ረድፍ) ደግሞ አይታለፍም፤ ፈቃድ ያገኛችሁ ቢመስላችሁም ቆማችሁ ጠይቁ።

እዚህ ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ወፍ አይቶ ዝም የሚል አለ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከዚሁ የተነሳ ቦይንግ 737 ሁለቱም ሞተሮቹ ርግብ ዋጡ። ለመመለስ ሞክሮ አልሆነለትም፤ በሆዱ አርፎ ተቃጠለ። 35 ሰዎች ሞቱ። ታክሲ ስታደርጉ ሣሩ ላይ የሰፈረ መንጋ ካያችሁ «ሲሰሙን ይበራሉ» አትበሉ። ለታወሩ ንገሩ፤ እስኪባረሩም ጠብቁ። ተሳፋሪው አምስት ደቂቃ ቢያጉረመርም ምንም አይሆን።

የበረራ አስተናጋጆችንም አልተውኳቸውም። ቦሌ አርፈን ገና እየተንከባለልን የጣና ዓሣ የያዘ ፌስታሉን ሊያወርድ የሚነሳ ሰው አይጠፋም። እሱን ለማስቀመጥ ብላችሁ አትነሱ። ድንገት ፍሬን ቢያዝ የምትወድቁት እናንተ ናችሁ። ከወንበራችሁ ሆናችሁ በማይክ ተናገሩ።

ከዚህ የሚብሰው ግን «አብራሪዎቹን አሁን አልረብሽም» ብሎ ያዩትን መዋጥ ነው። የተከለከለው ወሬ ነው፤ አደጋን መናገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 1989 ድራይደን፣ ካናዳ ውስጥ አንዲት አስተናጋጅ ክንፉ ላይ በረዶ አይታ ለአብራሪዎቹ አልነገረችም። ተሳፋሪ ሆነው የተቀመጡ ሌሎች አብራሪዎችም አይተው ዝም ብለው ነበር። 24 ሰዎች ሞቱ። እኛ ዘንድ ክንፍ ላይ በረዶ ባይከመር የነዳጅ ሽታ አለ፣ ከክንፍ ሥር የሚንጠባጠብ ፈሳሽ አለ፣ ያልተዘጋ ክዳን አለ። ኢንተርፎኑን አንሡ። የቱ ረድፍ፣ የቱ ጎን፣ ምን እንዳያችሁ ተናገሩ። «ምናልባት ምንም አይደለም ግን» የሚለውን መግቢያ ተዉት። አብራሪው «አውቀዋለሁ» ካለ እሺ ብሎ መዝጋት ነው።