የተረፈ የሆት ቾኮሌት ዱቄት ለኬክ ሲውል፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መደርደሪያ ላይ ግማሹ ተጠጥቶ የቀረ የሆት ቾኮሌት ዱቄት ካለዎት አይጣሉት። ለኬክም፣ ለኩኪስም፣ ለፓንኬክም ይሆናል። ብዙ ሰው ግን አንዴ ሞክሮ ሲበላሽበት እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። የሚያሳዝነው፣ ጥፋቱ የዱቄቱ አለመሆኑ ነው። ችግሩ እንደ ኮኮዋ መቁጠሩ ላይ ነው።

በኮኮዋ ምትክ ልክ በልክ መጨመር

ትልቁ ስህተት ይኼ ነው። ንጹሕ ኮኮዋ ስኳር አይገባበትም። የሆት ቾኮሌት ዱቄት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ በላይ ስኳር ነው። ማሸጊያውን ገልበጥ አድርገው ያንብቡ። ከ100 ግራሙ 70 ግራም ስኳር፣ 25 ግራም ኮኮዋ ነው ይላል እንበል። ሊሠሩት ያሰቡት ኬክ ደግሞ 50 ግራም ኮኮዋ ይፈልጋል። ይህን ያህል ኮኮዋ ከዚህ ዱቄት ለማግኘት 200 ግራም መጨመር አለብዎት፤ 140 ግራም ስኳርም አብሮት ይገባል። ያ ኬክ አይበላም። 50 ግራም ብቻ ቢጨምሩስ? የሚያገኙት ኮኮዋ 12 ግራም ተኩል ብቻ ስለሆነ ኬኩ ገርጥቶ ይወጣል፤ የቾኮሌት ጣዕሙም እምብዛም አይታወቅም።

እኔ የምመክረው ሁለቱን ማደባለቅ ነው። 50 ግራም የሆት ቾኮሌት ዱቄት ላይ 38 ግራም ያህል ንጹሕ ኮኮዋ ይጨምሩ። ኮኮዋው ይሞላል፣ የተረፈውም ዱቄት ሥራ ላይ ይውላል። ትንሽ የሚሟሟ ቡና ጣል ቢያደርጉበት የቾኮሌቱ ጣዕም ጎላ ይላል።

የአሰራሩን ስኳር እንዳለ መተው

በላይኛው ምሳሌ 50 ግራሙ ዱቄት 35 ግራም ስኳር ይዞ ገብቷል። ስለዚህ 200 ግራም ስኳር የሚፈልግ ኬክ ከሆነ 165 ግራም ይበቃዋል። ነገሩ የጣፋጭነት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልዎት። ስኳር ኦቨን ውስጥ ይቀልጣል። ሲበዛ ኩኪሱ ትሪው ላይ ተዘርግቶ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ኬኩም መሃሉ ይሰምጣል።

በስኳር ምትክ ሌላ ማጣፈጫ የገባበት ዱቄት ከሆነ ግን ይህ ስሌት አይሠራም። ሊጡን እየቀመሱ ይቀንሱ፤ እንቁላል ከመግባቱ በፊት ቢሆን ይመረጣል።

ሊጡ ሲቀጥን ዝም ማለት

ኮኮዋ ፈሳሽ ይስባል፣ ሊጡንም ያጠነክረዋል። ሆት ቾኮሌት ይህን ያህል አቅም የለውም። ሊጡ ከወትሮው ቀጠን ካለብዎት አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት ይጨምሩ።

ቤኪንግ ሶዳውን አለማየት

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ሶዳ የሚሠራው አሲድ ሲያገኝ ነው። አንዳንድ አሰራር ይህን አሲድ የሚጠብቀው ከተፈጥሯዊው ኮኮዋ፣ ማለትም አሲዱ ካልተቀነሰው ነው። ኮኮዋው ሲቀንስ ሶዳው የሚሠራበት ያጣና ኬኩ ሳሙና ሳሙና ይላል፣ በደንብም አይነፋም። እርጎ ወይም ሌላ ኮምጣጣ ነገር ከገባበት ስጋት የለም። ካልገባበት የሶዳውን ሦስት እጥፍ ያህል ቤኪንግ ፓውደር በምትኩ ይጠቀሙ።

የተጓጎለውን እንዳለ መጨመር

ስኳሩና የወተት ዱቄቱ እርጥበት ስለሚስቡ ይጓጎላል። በእጅ ሲነካ የሚፈርስ ከሆነ በወንፊት ይንፉት፤ አለበለዚያ ኬኩ ሲቆረጥ ደረቅ ጉብታ ያገኛሉ። ሽታው ከተቀየረ ወይም ሻጋታ ካዩበት ግን ሳይቆጩ ይጣሉት።

እንደ ወትሮው ሙቀት መጋገር

የወተት ዱቄት ያለበት ቶሎ ይጠቁራል። ሙቀቱን ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ዝቅ ያድርጉት፣ ከተባለው ሰዓትም አምስት ደቂቃ ቀደም ብለው ይዩት። የወተት አለርጂ ያለበት ሰው የሚበላ ከሆነም አስቀድመው ይንገሩት።

ትኩስ ኬክ ላይ መነስነስ

ስኳሩ ወዲያው ይቀልጥና ላዩ ይጣበቃል። በደንብ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። ሳይነሰንሱ በግላዝ መልክ ማፍሰስም ያምርበታል፦ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በአንድ ማንኪያ የቀለጠ ቅቤ ያሹት፤ ትኩስ ወተት ጠብ እያደረጉ፣ ከማንኪያው ቀስ ብሎ እስኪወርድ ድረስ ያማስሉት።