ትልቁ ባስ ለምን አመለጠ? ምርመራው ከክሩ ጫፍ ይጀምራል

ትልቅ ዓሣ ሲያመልጥ ብዙዎቻችን የምናደርገው አንድ ነው። «ዕድሌ ነው» ብለን የክሩን ጫፍ ቆርጠን እንጥልና አዲስ መንጠቆ እናስራለን። እባክዎ መቀስዎን ከማውጣትዎ በፊት ጫፉን በጣትዎ ይዘው በብርሃን ይመልከቱት። ዓሣው ለምን እንደሄደ የሚናገረው ያ የሚጣለው ቁራጭ ነው።

የምጽፈው በቨርጂኒያ ሌክ አና ካየሁት ተነሥቼ ነው። ሐይቁ እ.ኤ.አ. በ1972 ለኑክሌር ኃይል ማመንጫ ማቀዝቀዣ እንዲሆን ወንዝ ተገድቦ የተሠራ ሲሆን፣ ከዋሽንግተን ዲሲ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ይርቃል። ባስ የሚባለው አዳኝ ዓሣ የጀልባ ማቆሚያ ምሰሶዎችንና የድልድይ ሥር ድንጋዮችን ይወዳል። ክር የሚበሉትም እነዚሁ ናቸው።

ክሩ ተበጥሷል፣ መንጠቆው አብሮ ሄዷል

ጫፉ እንደ ሐረግ ተጠማዝዞ ከቀረ ክሩ አልተበጠሰም፤ ቋጠሮው ተንሸራትቶ ተፈትቷል። መፍትሔው ፓሎማር የሚባለው ቋጠሮ ነው። ክሩን አጥፈው እጥፉን በመንጠቆው ቀዳዳ ያሳልፉ፣ ልል አድርገው አንድ ጊዜ ይቋጥሩ፣ መንጠቆውን በእጥፉ ውስጥ ያሳልፉ፣ ከዚያ ያጥብቁ። ከማጥበቅዎ በፊት በምራቅዎ ያርጥቡት። ደረቅ ቋጠሮ ሲጠብቅ በሰበቃ ይሞቃል፣ ሙቀቱም ክሩን ያደክመዋል። በተለይ ፍሎሮካርቦን የሚባለው የክር ዓይነት ይህን አይችልም።

ጫፉ ሻክሮና ነጥቶ ከሆነ ተፍቋል ማለት ነው። ባስ ክር የሚቆርጥ ስለታም ጥርስ የለውም፤ ከንፈሩ ግን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው። ዓሣ በያዙ ቁጥር የመጨረሻውን አንድ ሜትር ክር በጥፍርዎ መካከል ያሳልፉ። ጥፍርዎን የሚይዝ ቦታ ካለ ከዚያ በላይ ቆርጠው እንደገና ይሰሩ። ድንጋይም ምሰሶም በሌለበት ክሩ ደጋግሞ ከተፋቀ ጥፋቱ ክሩ የሚያልፍባቸው የዘንጉ ቀለበቶች ሊሆን ይችላል። በየቀለበቱ ውስጥ ጥጥ አሽከርክሩበት፤ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ካለ ጥጡን ይዞ ያስቀረዋል።

ጫፉ ሳይጠማዘዝና ሳይፋቅ ቀጥ ብሎ ተበጥሶ ከሆነ ደግሞ የክር መጠቅለያው ፍሬን፣ ዓሣው ሲስብ ክሩን ቀስ እያለ የሚለቀው ክፍል፣ ከልክ በላይ ጠብቋል፤ አስተካከሉን ከታች እጽፋለሁ።

መንጠቆው ባዶውን ተመለሰ

መጀመሪያ ቅርጹን ይዩ። ተከፍቶ ከሆነ ሽቦው ለያዙት ክር ቀጥኗል። ካልተከፈተ ጫፉን በአውራ ጣትዎ ጥፍር ላይ በቀስታ ይጎትቱት፤ ካልያዘና ከተንሸራተተ ደንዟል፣ ይሳሉት ወይም ይቀይሩት።

መንጠቆው ጤነኛ ከሆነ ጥፋቱ በጊዜው ላይ ነው። ከውኃ ሣር በላይ በእንቁራሪት ቅርጽ ማባበያ ሲያጠምዱ ውኃው ሲፈነዳ ወዲያው መሳብ ያጓጓል። የዓሣው ክብደት እጅዎ ላይ እስኪደርስ ይታገሡ። ለስላሳ የፕላስቲክ ትል ሲጠቀሙ ግን መንጠቆው በመጀመሪያ ፕላስቲኩን መብሳት ስላለበት ጠንካራ ዘንግና ቆራጥ ስበት ያስፈልጋል። ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆ ተቃራኒውን ይፈልጋል፦ ለስላሳ ዘንግ፤ አለዚያ ትንንሾቹ ጫፎች ከንፈሩን ቀድደው ይወጣሉ።

ዘልሎ ራሱን አራግፎ ጣለው

ክሩ ላልቶ ነበር። ክሩ ወደ ላይ ሲወጣ ካዩ ዓሣው ሊዘል ነው፤ የዘንጉን ጫፍ ወደ ውኃው ዝቅ አድርገው ሳያቋርጡ ይጠቅልሉ።

ሣር ውስጥ ገብቶ ቆመ

አይንጠቁት። ክሩን ወጥረው ወደ እሱ ይጠጉ። እንዲህ ባለ ቦታ ከ50 ፓውንድ ያላነሰ ክብደት የሚችል የተገመደ ክር ይዘው ይግቡ።

ጀልባው አጠገብ ደርሶ ጠፋ

ከሁሉም የሚያመው ይህ ነው። ዓሣው ጀልባውን ሲያይ የመጨረሻ ኃይሉን ያወጣል። በዚያ ሰዓት በዘንጉና በዓሣው መካከል የቀረው ክር ሁለት ሜትር ቢሆን ነው፤ አጭር ክር ደግሞ አይለጠጥም። የተገመደ ክር ከሆነማ ረጅሙም አይለጠጥም። ስለዚህ ማስተንፈሻው ፍሬኑ ብቻ ነው። ቤት ሳሉ ክሩን በእጅ ሚዛን ላይ አስረው ይጎትቱ፤ ፍሬኑ ክሩ ከሚችለው ክብደት ሩብ እስከ ሲሶ ላይ መልቀቅ አለበት። ለ12 ፓውንድ ክር ከ3 እስከ 4 ፓውንድ ማለት ነው። በእጅ ስሜት የሚደረግ ግምት ብዙ ጊዜ ያጠብቀዋል።

ሁለተኛው ጥፋት መረቡ ነው። በሚያዝያ መጀመሪያ አንድ ጠዋት፣ እንደ ታላቅ ወንድሜ ከማያቸው ጓደኛዬ ጋር ነበርኩ። ቨርጂኒያ 8 ፓውንድ ወይም 22 ኢንች ለሞላ ባስ የምስክር ወረቀት እንደምትሰጥ በመንገድ ስናወራ ሄደን፣ ያንን የሚያህል ዓሣ ጎናችን መጣ። «ጋሼ፣ መረቡን!» ብዬ ጮህኩ። ከጅራቱ በኩል አስገቡት። ዓሣው ጅራቱ ሲነካ ወደ ፊት ተወረወረ፤ ከሦስቱ የመንጠቆ ጫፎች ነፃ የነበረው አንዱ የመረቡን ጠርዝ ያዘ። ባሱ ከመረቡ ውጭ፣ በመረቡ ላይ ተንጠልጥሎ አንድ ጊዜ ራሱን ነቀነቀ። መንጠቆው መረቡ ላይ ቀረ፤ ዓሣው አረንጓዴ ጀርባውን አሳይቶን ወደ ጥልቁ ወረደ። ጋሼ ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም።

መረብ ዓሣን አያሳድድም። አስቀድሞ ውኃ ውስጥ ይጠልቃል፤ ዘንግ የያዘው ሰው ዓሣውን በጭንቅላቱ በኩል ወደ መረቡ ይመራዋል፤ ጭንቅላቱና ሆዱ ከገቡ በኋላ ብቻ ይነሣል። መረብ ከሌለ ዓሣው ከደከመ በኋላ የታች ከንፈሩን በአውራ ጣት ይያዙ፤ መንጠቆው የት እንዳለ ሳያዩ ግን እጅዎን አያስገቡ። ትልቅ ዓሣ በክሩ ተንጠልጥሎ አይነሣም፤ በውኃ ውስጥ ያልከበደው ሰውነቱ ከውኃ ሲወጣ ሙሉ ክብደቱን ክሩ ላይ ይጥላል።

አሁን ጋሼ መረቡን ቀድመው ያጠልቁና ዝም ብለው ይጠብቃሉ። «አሁን» እስክል ድረስ አያነሡትም።