የማይፈርስ ቲዎሪ እንዴት ይሰራል፦ ከድሬ ለጌም ኦፍ ትሮንስ ልጆች

ከሁሉም በፊት ደብተር ግዙ። ስልክ ላይ ያለው ኖት አይሆንም፣ ወረቀት ነው ምላችሁ፣ ምክንያቱም ቲዎሪ፣ ማለትም ታሪኩ የደበቀውን ወይ ወደፊት ሚሆነውን መገመት፣ ዛሬ ያልከውን ነገ "አቦ እኔ መች እንደዛ አልኩ" ማትልበት ነገር መሆን አለበት። እኛ ከዚራ ዛፍ ጥላ ስር ከምሳ በኋላ የድሬ ፀሐይ እስኪበርድ እየተሰበሰብን ስለ ጌም ኦፍ ትሮንስ፣ መፅሐፍም የቲቪ ሲሪየስም ስላለው የዙፋን ሽኩቻ ታሪክ፣ ስንከራከር ዓመታት አልፈዋል፣ አንዳንዱ ክርክር አምስት ስድስት ጊዜ ከዜሮ የተጀመረ ነው፣ ለምን ቢባል ማን ምን እንዳለ ሚያስታውስ የለማ! ደብተሩ ከመጣ ወዲህ ነው ነገሩ መልክ የያዘው። ከዚህ በታች ያለው በሙሉ ከዛ ደብተር የወጣ አሰራር ነው፣ ስፖይለር በሽ ነው፣ ያልጨረሰ ጨርሶ ይምጣ።

ደብተሩን መሃል ለመሃል አስምሩና በግራ መፅሐፍ በቀኝ ሲሪየስ በሉት። የወጡት የደራሲው ጆርጅ ማርቲን መፅሐፎች አምስት ናቸው፣ አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1996 አምስተኛው በ2011 የወጡ፣ ሲሪየሱ ደግሞ ከ2011 እስከ 2019 ስምንት ሲዝን ሄዶ አልቋል። ስለዚህ ሲሪየሱ መፅሐፉን ቀድሞ የጨረሰ ነገር ነው፣ በቀኝ በኩል ያለውን አንስታችሁ ለግራው ማስረጃ ማድረግ አይቻልም። እኔ ይሄን የተማርኩት ተቃጥዬ ነው። "ብራን ራሱ ናይት ኪንግ ነው" ሚለውን ቲዎሪ (ብራን የስታርክ ቤት ልጅ ነው፣ ናይት ኪንግ በሲሪየሱ የበረዶ ፍጡራኑ ንጉሥ) ይዤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰው አሳመንኩ፣ ከዛ ከመፅሐፉ ገፅ ልጥቀስ ብዬ ስፈልግ ናይት ኪንግ ጭራሽ የለም! መፅሐፉ ላይ ያለው ስሙ ሚቀራረብ ሌላ ሰው ነው፣ ድሮ ድሮ በሰሜን ያለውን የበረዶ ግንብ ሚጠብቁት የሌሊት ጠባቂዎች 13ኛ አዛዥ የነበረ፣ በተረት ብቻ ሚነሳ። ያ ሁሉ ክርክር መሬት አልነበረውም ማለት ነው።

ቀጥሎ ጥያቄ መምረጥ ነው፣ ብዙ ሰው ሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ከምትወዱት ሰው አትነሱ። "አርያ አትሞትም" ምኞት ነው፣ ምኞት ደግሞ ሚመቸውን ማስረጃ ያነሳና ማይመቸውን እንዳላየ ያልፋል። መነሳት ያለባችሁ ደራሲው ከሚደጋግመው ነገር ነው፣ ወይም ደግሞ ሊናገረው ሲገባ ዝም ካለው ነገር።

የጆን ስኖውን፣ ኔድ ስታርክ ከሌላ ሴት የወለድኩት ነው ብሎ ያሳደገውን ልጅ፣ እናት ጉዳይ ውሰዱ፣ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ የለም። አንደኛው መፅሐፍ ላይ ኔድ ስታርክን እህቱ ሊያና ልትሞት ስትል ያስገባችው ቃል ደጋግሞ ይመጣበታል፣ ቃሉ ምን እንደሆነ ግን አንድም ቦታ አይነግረንም። ሚስቱ ካትሊን ስለ ልጁ እናት ስትጠይቀው ደሜ ነው ሌላ አትጠይቂኝ ብሎ ይዘጋታል፣ ደሜ ነው ማለት ደግሞ እኛም ጋ ቢሆን ለእህት ልጅ ሚባል ነገር ነው። ከዛ ሊያና የሞተችበትን ማማ ሦስት የንጉሥ ዘቦች እየጠበቁት ነበር፣ ንጉሡ ተገድሏል፣ አልጋ ወራሹ ሬጋር ሞቷል፣ እና እነዚህ በአገሩ አሉ የተባሉ ባላባቶች በረሃ ላይ ያለ ማማ ምን አድርግ ብሏቸው ነው ሚጠብቁት? ማንን? ከዛ ደግሞ 1998 ላይ በወጣው ሁለተኛ መፅሐፍ የሬጋር እህት፣ ባለ ድራጎኗ ዴነሪስ፣ ባየችው ራእይ ከበረዶ ግንብ ስንጥቅ ውስጥ ሰማያዊ አበባ በቅሏል፣ ሰማያዊ ፅጌረዳ ሬጋር በአንድ የፈረሰኞች ውድድር ቀን ሊያና ጭን ላይ ያስቀመጠላት አክሊል ነው፣ በረዶው ግንብ ላይ ያለው ልጅ ደግሞ ጆን ነው። አንዱን ብቻ ነጥላችሁ ካያችሁት ምንም አያረጋግጥም። አራቱም ግን ማይተዋወቁ መንገደኞች አንድ ቤት እንደሚያንኳኩ ነው። አንባቢዎች ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሲሉት የነበረውን፣ ጆን የሊያናና የሬጋር ልጅ ነው ሚለውን፣ ሲሪየሱ 2016 ላይ በስድስተኛው ሲዝን መጨረሻ አሳየው፣ መፅሐፉ ግን ገና በአፉ አላለውም፣ ስለዚህ በኛ ደብተር በቀኝ "የታየ" በግራ "የተጠጋ" ተብሎ ነው የተፃፈው።

ከዚህ ያወጣነው ደንብ ለአንድ ቲዎሪ ቢያንስ ሦስት ማስረጃ ሚል ነው፣ ከሦስት የተለያየ ምዕራፍ፣ ከተቻለም ከተለያየ ሰው ዓይን። የሰው ዓይን ምላችሁ ይሄ መፅሐፍ እያንዳንዱ ምዕራፍ በአንድ ሰው በኩል ስለሚተረክ ነው፣ ሰው ደግሞ ይሳሳታል። የኔድ ልጅ ሳንሳ፣ ሃውንድ ሚባለው ተዋጊ በጦርነቱ ሌሊት ሳመኝ ብላ ታስታውሳለች፣ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ያንን ምዕራፍ ስታነቡት አልሳማትም! ስለዚህ ከማስረጃው ጎን "ማን አየ፣ ማን ሰማ፣ ማን ከሰው ሰማ" ብላችሁ ፃፉ፣ ከሰው የተሰማ ግማሽ ነጥብ ነው።

አሁን ወደ ትንቢት እንምጣ፣ እኔ በጣም ምወደው ክፍል ይሄ ነው፣ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ሚወድቅበት ጉድጓድም እዚሁ ነው ያለው። "ይመጣል የተባለው ልዑል" ሚባለው፣ ዓለምን ከጨለማ ስለሚያድን ሰው ሚናገር ትንቢት አለ አይደል። ለረጅም ጊዜ ስንከራከር ጆን ነው፣ ዙፋን ፈላጊው ስታኒስ ነው እያልን ዴነሪስን ማንም አላነሳትም። ለምን? ምክንያቱም "የተባለው" ብለን ጀመርን፣ ቋንቋችን ገና ከአፋችን ሳይወጣ ወንድ አድርጎታል። አራተኛው መፅሐፍ ላይ ሽማግሌው ሜስተር (ሊቅ) ኤሞን ሚለው ይሄንኑ ነው፣ ስህተቱ የገባው በትርጉም ነው፣ የድራጎን ፆታ ቁርጥ ያለ አይደለም ይላል። አንድ ቀን ከኛ መሃል ያለችው ልጅ "በአንቱታ አውሩት" አለች። ይመጣሉ የተባሉት። አለቀ! አንቱታ ወንድ ሴት አይለይም፣ ክርክሩ በአንድ ቃል ተከፈተ፣ ያን ዕለት ማታ ዴነሪስ ወደ ዝርዝሩ ገባች። ከዛ ቀን ጀምሮ ትንቢት በደብተራችን ሚፃፈው በአንቱታ ብቻ ነው፣ እናንተም እንደዛ አርጉ፣ ነፃ የሆነ አማርኛ አለን እኮ ሳንጠቀምበት ነው እንጂ።

"ቫሎንቃር"ም እንደዛው ነው። ንግሥት ሰርሲ ላኒስተር በልጅነቷ የተነገራት ትንቢት ላይ ቫሎንቃሩ አንቆ ይገድልሻል ተብላለች፣ ትርጉሙ ታናሽ ወንድም ነው፣ እሷም ዕድሜዋን ሙሉ ታናሽ ወንድሟን ቲሪየንን ስትጠላ ኖረች። ግን ጄሚም እኮ ታናሿ ነው፣ መንታ ቢሆኑም እሷ ቀድማ ወጥታለች እሱ ተረከዟን ይዞ ነው የተወለደው። ደግሞ ቃሉ የማን ታናሽ እንደሆነ አይናገርም፣ የሌላ ሰው ታናሽም ሊሆን ይችላል። ይሄ መስመር ሲሪየሱ ውስጥ የለም፣ ቆርጠው አውጥተውታል፣ ስለዚህ በሲሪየሱ የሰርሲ አሟሟት ይሄን ቲዎሪ መግደልም ማዳንም አይቻልም።

ትንቢት ሲገጥማችሁ ሁለት ነገር ለይታችሁ ፃፉ፣ የታየው ምንድነው፣ የተረጎመው ማነው። ጀጎል ውስጥ ያደገ ጓደኛ አለን፣ ሐረር ላይ በአሹራ ለጅብ ገንፎ ይቀርብና አበላሉ ታይቶ ስለ መጪው ዓመት ይነገራል፣ እና እሱ ሁሌ ሚለን ጅቡ ምንም አልተናገረም የተናገሩት ሽማግሌዎቹ ናቸው ነው። እሳት አይታ ምትተነብየውን ቄሷን ሜሊሳንድሬን በዚህ ዓይን እዩዋት። አምስተኛው መፅሐፍ ላይ በእሳቱ ውስጥ ግራጫ የለበሰች ልጅ በደከመ ፈረስ ስትሸሽ ታያለች፣ የጆን እህት ናት ትላለች፣ ልጅቷ ስትመጣ አሊስ ካርስታርክ ሆና ተገኘች። እሳቱ አልዋሸም፣ አተረጓጎሟ ነው የተሳሳተው። ጊዜውንም ተጠንቀቁ። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረር ሲገባ ክርስቲያን የረገጣት ቀን ከተማዋ ትወድቃለች ሚል ትንቢት እንደነበር ፅፏል፣ እሱ ገብቶ ወጣ፣ ከ20 ዓመት በኋላ 1875 ላይ ግብፆች ያዟት፣ እነሱ ደግሞ ሙስሊሞች ናቸው፣ የሚኒልክ ጦር የገባው 1887 ነው። ትንቢቱ ደረሰ ወይስ አልደረሰም? ጊዜውን እንደ ላስቲክ ከሳባችሁት ሁሉም ይደርሳል። ስለዚህ ደብተሩ ላይ "እስከዚህ ምዕራፍ ካልሆነ ቀርቷል" ብላችሁ ገደብ አስቀምጡ።

ስለ ዓለሙ አሰራር ሲሆን ደግሞ ድራጎኑን ትታችሁ መንገዱን፣ ውሃውንና ምግቡን ጠይቁ። ድሬ ልጅ ለዚህ ማንም አይቀድመውም፣ ከተማችን ራሷ በመንገድ የተወለደች ናት፣ ባቡሩ ተራራውን ወጥቶ ሐረር መድረስ ስለከበደው እ.ኤ.አ. 1902 ላይ እዚህ ቆላው ላይ ደረሰና ከተማ ሆነ። ይሄን ያወቀ ሰው በመፅሐፉ ያሉትን የፍሬይ ቤተሰቦች ወዲያው ይረዳል። ፍሬዮች ሀብታም የሆኑት ወንዙ ላይ ያለው መሻገሪያ የነሱ ስለሆነ ብቻ ነው። የኔድ ልጅ ሮብ ስታርክ ከነጦሩ መሻገር ነበረበት፣ ለመሻገር የጋብቻ ቃል ገባ፣ ቃሉን አፈረሰ፣ በሰርግ ላይ አረዱት። ካርታውን ይዞ ሚያነብ ሰው የመጀመሪያው መፅሐፍ ላይ ድልድዩ ሲመጣ ልቡ መፍራት ይጀምራል።

ርቀት ለመለካት የመፅሐፉን የበረዶ ግንብ እንደ ማስመሪያ ተጠቀሙበት፣ 300 ማይል ስለሆነ ወደ 480 ኪሎሜትር ነው፣ በግምት ከድሬ አዲስ አበባ የመሄድ ያህል። ካርታው ላይ በክር ለኩት፣ ክሩን አንስታችሁ ከስታርኮች ቤት ዊንተርፌል እስከ ዋና ከተማው ኪንግስ ላንዲንግ ስንት ክር እንደሚሆን ቁጠሩ፣ ከዛ ማን መቼ የት መድረስ እንደሚችል ታውቃላችሁ፣ በዚህ ብቻ ስንት ቲዎሪ ጥለናል።

ስለ ግንቡ ካነሳን አይቀር፣ ጀጎል ሄዳችሁ ግንቡን በእግር ዙሩ፣ ምክሬ ነው። 3.5 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሰሩት። ከታች በኩል ቀዳዳዎች አሉ፣ ሰው ማይገባባቸው። ማያውቅ ሰው የውሃ መውረጃ ይላል ወይ ቀስት መወርወሪያ ይላል፣ የጅብ መግቢያ ናቸው! ጅቡ ማታ ይገባል፣ የተጣለውን ይበላል፣ ይወጣል። ግንብ ሲሰራ ማን እንዳይገባ ብቻ ሳይሆን ማን እንዲገባ እንደታሰበም ቀዳዳው ይነግራችኋል። አሁን ወደ መፅሐፉ ግንብ ተመለሱ። ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ነገር መሰላል ይዞ ለሚመጣ ሰው አይሰራም፣ ስለዚህ ጠላቱ ሰው አልነበረም፣ እሺ ይሄን ሁሉም ያውቃል። ግን ናይትፎርት ሚባለው የግንቡ አሮጌ ምሽግ ስር ያለውስ በር? ፊት ያለው የእንጨት በር ነው፣ የጠባቂዎቹን መሃላ ሚል ሰው ሲመጣ ብቻ አፉን ከፍቶ ያሳልፋል። ማንን ለማሳለፍ ተሰራ? ወደ ሰሜን ሄዶ ሚመለስ ማን ነበር፣ ከማንስ ጋር ነበር ሚገናኘው? የኔ ቲዎሪ ከግንቡ ማዶ ካሉት የበረዶ ፍጡራን ጋር አንድ ጊዜ ስምምነት ነበር ሚል ነው፣ ማስረጃዬ ሁለት ነው፣ ሦስተኛ እየፈለግኩ ስለሆነ በእርሳስ ነው የተፃፈው።

ማይሰሩትን ቶሎ ልለፍ። ክረምቱ ለምን ዓመታት ይቆያል ብላችሁ ፀሐይና ምህዋር ማስላት አትጀምሩ፣ ማርቲን ራሱ መልሱ አስማት እንጂ ሳይንስ እንዳልሆነ ተናግሯል። ትንሽ ስህተት ሁሉም ምልክት አይደለም፣ አንድ ፈረስ በመሃል ፆታ ቀይሮበት ስህተቴ ነው ብሏል። አንድ ጊዜ ብቻ የመጣ ግጭት ከሆነ እለፉት፣ ሁለት ጊዜ ከመጣ ክብ አድርጉበት።

መጨረሻ ላይ ከእያንዳንዱ ቲዎሪ ስር "ምን ቢሆን ይፈርሳል" ሚል መስመር ይኑር፣ ይሄ መስመር ከሌለ ጓደኞቻችሁ እንዲያነቡት አትስጡ። በኛ ደብተር የቫሎንቃር ገፅ ላይ እኔ "ጄሚ፣ ከሰርሲ ርቆ ከሞተ ይፈርሳል" ብዬ ፈርሜያለሁ፣ የጀጎሉ ልጅ "ታናሽነታቸው ለሌላ ሰው ነው፣ ሰርሲን ማንም የላኒስተር ልጅ አንቆ ከገደላት ይፈርሳል" ብሎ ፈርሟል፣ በአንቱታ ያስጀመረችን ልጅ ደግሞ የሱ ገፅ ላይ "ይሄን ካልክ ማን እንደሆኑ በስም ጥራ" ብላ በቀይ ፅፋበታለች፣ እስካሁን ስም አላመጣም፣ ስድስተኛው መፅሐፍ እስኪወጣ ጊዜ ሰጥታዋለች።